ላንድሮቨሯ ደባርቅ ትሂድ ወይስ ትቅር?

ነገሩ የተጀመረው ቡና ላይ ነው። ጎንደር፣ አጎቴ ቤት፣ ገና ሳምንት ሲቀረው። ጥር ላይ ደባርቅ ሠርግ ነበረብን። ከእኛ ቤት የሚሄደው ሰው ሲቆጠር አሥራ አንድ ሞላ። የአጎቴ ልጅ «አንድ ሃይሩፍ ተኮናትረን እንገላገል» አለ። አጎቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ላንድሮቨሯ እዚህ ቆማ ለሰው መኪና የምንከፍለው ምን ሆነን ነው?»

ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የመኪና ጥገና አስተምራለሁ፤ እንጀራዬ እሱ ነው። ቤተሰቡ ውስጥ የመኪና ነገር ሲነሳ ዳኛ የምደረገውም እኔው ነኝ።

«እያት» አሉኝ። «ደህና ናት ካልክ በሷ እንሄዳለን። አይደለችም ካልክ ግን በዓይኔ ታሳየኛለህ። በወሬ አልቀበልህም።»

በዓይን ለማሳየት አሥር ቀን ያህል ፈጀብኝ። ያየነውን፣ የጠገንነውንና የወሰንነውን እዚህ የምጽፈው ይኸው ጥያቄ በየጊዜው ስለሚመጣብኝ ነው። አሮጌ ላንድሮቨር ወይም አሮጌ ላንድክሩዘር ገዝቶ፣ ቀለም አስቀብቶ፣ «አሁን ቤተሰብ ጭኜ ብወጣስ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። መኪኖቹ ያምራሉ፤ አልክድም። እኔም እወዳቸዋለሁ። ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

መኪናዋ

ሲሪዝ 3 የምትባለው ናት። ረጅሟ፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 109 ኢንች ያላት። 1974 ሞዴል። (የመኪና ዓመት ስጠራ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ሞተሯ 2.25 ሊትር ቤንዚን፣ ማርሿ አራት። ከፊት ሁለት ሰው ትይዛለች፣ ሲጨናነቅ ሦስት። ከኋላ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ አግዳሚ ወንበሮች አሏት።

አጎቴ በጨረታ የገዟት ለብዙ ዓመት ሾፌሯ ሆነው ከሠሩበት መሥሪያ ቤት ነው። አርማጭሆን፣ ጭልጋን፣ ስሜንን በሷ ዞረዋል። በኋላ ግን ከግቢ የምትወጣው በወር አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ሆነ፤ ወፍጮ ቤት፣ ሲርቅ አዘዞ። ሊብሬዋ ንጹሕ ነው። ቦሎም አላት። የአጎቴ የመጀመሪያ መከራከሪያ እሱ ነበር፤ «ቦሎ ሰጥተዋት የለ?»

ቦሎ ማለት በምርመራው ቀን ምርመራውን አልፋለች ማለት ነው። አሥራ አንድ ሰው ጭና ከደባርቅ ቁልቁለቱን ትወርዳለች የሚል ነገር አልተጻፈበትም።

ማግኔቱ

ሁለተኛውን መከራከሪያ ሁላችንም ብለነው እናውቃለን። «የድሮ መኪና ብረት ነው። የዛሬው ቆርቆሮ ነው፤ ገና ሲነኩት ይጨማደዳል።» ይህን ሲሉ በሯን በጡጫ ደለቁት። ድምፁ እውነትም ያስፈራል።

ከተበላሸ ቴፕ ስፒከር ላይ ማግኔት አስፈታሁና ሰጠኋቸው። «ጋሼ፣ እስቲ በሩ ላይ ይለጥፉት።»

ለጠፉት። ወደቀ። አንስተው በጃኬታቸው ጠርገው እንደገና ሞከሩ። ወደቀ። ኮፈኖው ላይ ሞከሩ፤ ተንሸራቶ መሬት ደረሰ። የጭቃ መከላከያው ላይም እንደዚያው።

«ይሄ ማግኔት ሞቷል» አሉ።

ሻንሲው ላይ፣ መኪናዋን ከስር በሚሸከመው አጽም ላይ፣ አስጠጋሁት። ጥብቅ ብሎ ያዘ፤ ለማላቀቅ መጎተት ነበረብኝ።

የላንድሮቨር አካል አሉሚኒየም ነው። እንደ ቤታችን ብረት ድስት፤ ስሙ ብረት ነው እንጂ ብረት አይደለም። የመጀመሪያዋ ላንድሮቨር አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ የታየችው ሚያዝያ 1948 ነው። ጦርነቱ ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በኮታ ነበር የሚታደለው። አሉሚኒየም ግን በቀላሉ ይገኝ ነበር። በዚያ ምክንያት የመጣው አሠራር በዚያው ቀጠለ። ለእርሻ የታሰበች መኪና ናት፤ ግጭት በሐሳባቸው አልነበረም።

«ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ አየኸው» አሉ አጎቴ፤ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

ልክ ናቸው። ሻንሲው ወፍራም ብረት ነው፤ በቀላሉ አይታጠፍም። ሰውን የሚጎዳው ይኸው አለመታጠፉ ነው። እንቁላል ከገጠር ሲመጣ በምን ይመጣል? በጭድ። እንቁላሉን በብረት ሳጥን ብቻ አስቀምጠህ ሳጥኑን ብትጥለው ሳጥኑ ምንም አይሆንም፤ ስትከፍተው ግን እንቁላሉ ፈሷል። የዛሬ መኪና አፍንጫው የሚጨማደደው ጭድ እንዲሆን ተብሎ ነው። ጉልበቱን እሱ ይበላዋል፤ ሰውዬው ዘንድ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ላንድሮቨሯ ላይ ጭድ የለም። ሻንሲው ይቀበልና ለወንበሩ ያስረክባል።

ሌላውም አለ። የመሪው ዘንግ በግጭት ጊዜ እንዲሰበሰብ ተደርጎ አልተሠራም፤ መኪናዋ ከፊት ከተመታች የሾፌሩ ደረት የሚያገኘው እሱን ነው። የነዳጁ ሰልባትዮ ከፊት ወንበር ስር ነው፤ ቤንዚኑ ላይ ተቀምጠህ ነው የምትነዳው። ቀበቶ የላትም። ዛሬ የምናውቀውን በትከሻና በወገብ የሚያልፈውን ቀበቶ ቮልቮ በ1959 መኪና ላይ አድርጎት ነበር። የእኛዋ ከዚያ 15 ዓመት ቆይታ ተሠርታ ያለ ቀበቶ ነው እጃችን የገባችው። ኤርባግማ ወሬው የለም። ልጇ የምትባለው ዲፌንደር ራሷ ጥር 2016 ማምረቻው እስኪዘጋ ድረስ ኤርባግ ሳይኖራት ነው የቀረችው። አሜሪካ ውስጥ መሸጧ ከ1997 ሞዴል በኋላ የቆመውም በዚሁ ነው።

ላንድክሩዘር ያላችሁ ደስ አይበላችሁ። ከ1960 እስከ 1984 የተሠራው ባለ 40 ቁጥሩ ሞዴል የፊት ዲስክ ፍሬን ያገኘው በ70ዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው። የቀረው ነገር ተመሳሳይ ነው።

እዚህ ላይ ለአጎቴ ጥያቄውን ለሁለት ከፈልኩላቸው። አንደኛው፣ ትጋጫለች ወይ? ሁለተኛው፣ ከተጋጨች ውስጧ ያለ ሰው ይተርፋል ወይ? የመጀመሪያውን በመፍቻና በገንዘብ ብዙ ማሻሻል ይቻላል። ሁለተኛውን ግን በጣም በጥቂቱ። ሰው አሮጌ መኪና አሳድሶ ሲጨርስ «አዲስ ሆነች» ይላል። አዲስ የምትሆነው አዲስ የ1974 መኪና ነው።

ከሆዷ ስር

መዶሻ ይዤ ገባሁ። የላንድሮቨር ሻንሲ ውስጡ ክፍት የሆነ ሳጥን ነው። ጭቃና ውሃ ይገባበታል፤ ዝገቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ከላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ መስማት ነው የሚያዋጣው። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮኻል። የታመመው ዷ ይላል።

ከፊት ጀምሬ እየመታሁ ሄድኩ። ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ ይጮኻል። የኋላው ግራ ባሌስትራ (አክስሉን የሚይዘው የብረት ምላጭ) የሚታሰርበት ቦታ ስደርስ ዷ አለ። ደገምኩት። መዶሻው ገባ። ድሮ አንድ ሰው ላሜራ በይዶ ላዩን በስቱኮ አለስልሶት ኖሯል። አጎቴ ተንበርክከው ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከተቱ። ቀይ አፈር ይዘው ወጡ። ምንም አላሉም።

ባሌስትራው ከዚያ ቢላቀቅ የኋላው አክስል ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መኪናዋም ራሷን ታዞራለች። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢሆን ትቆማለህ። በ70 ግን የመንገዱ ዳር ይወስናል። የበሰበሰውን ቆርጠን አውጥተን በወፍራም ብረት አስበየድነው። ሁለት ቀን ፈጀ። በስቱኮ ቢሆን ግማሽ ሰዓት ነበር።

ፍሬን

ብዙውን ጊዜዬን የበላው ይኸ ነው፤ መብላትም ነበረበት።

አራቱም ጎማ ታምቡር ነው፤ ስትረግጥ ሸራ ከውስጥ ተገፍቶ የሚይዘው ክብ ብረት። የፊት ቀኙን ስከፍተው ሸራው ገና ብዙ አለው፤ ግን እርጥብ ነው። ጎማው ላይ ያለችው ትንሿ የፍሬን ፖምፓ ታፈሳለች። ዘይት የነካው ሸራ አይዝም። ስለዚህ ስትረግጥ መኪናዋ ወደ ግራ ትጎትታለች። አጎቴን ጠየቅኳቸው። «አዎ፣ ትንሽ ወደ ግራ ትላለች። እኔ ግን መሪውን ወደ ቀኝ ያዝ አድርጌ ነው የምረግጠው።» ስንት ዓመት እንደዚያ እንደነዱ አላስታወሱም። ሰው ከአሮጌ መኪና ጋር እንዲህ ይላመዳል። ጉድለቷን የሾፌሩ እጅ ያውቀዋል። ሌላ ሰው መሪ የጨበጠ ቀን ግን መኪናዋ ማንንም አታስጠነቅቅም።

ፖምፓዋን ፈታናት። ጎሚኒዎቹ (ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች) እንደ ራሰ ባቄላ አብጠው ነበር። ይህ በእርጅና የሚመጣ አይደለም፤ አንድ ጊዜ አንድ ሰው የፍሬን ዘይት ሲያጣ የሞተር ዘይት ወይም እንደዚያ ያለ ነገር ጨምሮበታል። «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ። ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ የፍሬን ዘይት ሌላ ነገር ነው፤ የማዕድን ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ወይ ተቀርቅሮ ይቀራል፣ ወይ ያፈሳል። አንዲት ጠርሙስ የተሳሳተ ዘይት ሙሉውን መስመር ታበላሻለች።

ዘይቱ ራሱ የቡና አተላ መስሎ ነበር የወጣው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲጠጣ ግን መፍሊያው ወደ 140 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ ግሎ ሙቀቱ ዘይቱ ዘንድ ሲደርስ ይፈላል፤ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። ትረግጣለህ፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል፤ መኪናዋ ትሄዳለች። «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው አንዳንዴ ይኸ ነው። ምንም የተበጠሰ ነገር የለም። የሚገርመው፣ ከሰዓት በኋላ ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ይመለሳል። መካኒክ መጥቶ ይረግጠዋል፤ ደህና ነው። ሾፌሩ ውሸታም ይባላል። በዘይቱ ላይ ያለው ምክር በሁለት ዓመት አንዴ ቀይሩት ነው። የእኛ ዘይት ስንት ዓመቱ እንደሆነ ከጎሚኒው ሁኔታ ገምቱ።

ከሁሉም የከፋው ግን የእርጅና ነገር አይደለም፤ የአሠራር ነው። የእኛዋ የፍሬን መስመር አንድ ነው። አንዲት ቱቦ ከፈነዳች አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። የኋለኞቹ መኪኖች ሁለት መስመር አላቸው፤ አንዱ ቢሄድ ግማሹ ይተርፋል። አሜሪካኖች አዲስ የቤት መኪና ላይ ይህን ከ1968 ጀምሮ አስገድደዋል። ሲሪዝ 3 ውስጥ ኋላ ላይ የመጡት አላቸው፤ የእኛዋ ግን የላትም። ሰርቮም የላትም። ሙሉ ጉልበቱ ከእግር ነው። አጎቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል።

ዕቃው ከአዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ከሚሠራ ጓደኛ በአውቶቡስ መጣ። ሁሉንም ትንንሽ ፖምፓዎች፣ ከጎማ የተሠሩትን የፍሬን ቱቦዎች ሁሉ፣ የፊት ሸራዎችን፣ የዋናውን ፖምፓ ጎሚኒዎች ቀየርን። የድሮውን ቱቦ አንዱን አጠፍኩት፤ እንደ ደረቅ ቋንጣ ተሰነጠቀ። አዲስ ዘይት ሞልተን አየሩን አስወጣን። ሸራዎቹን አንድ በአንድ ወደ ታምቡሩ አስጠጋናቸው። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። አንዱ ጎማ ከሌላው ቀድሞ ከያዘ መጎተቱ ይመለሳል።

ጌሾው

ይህን ባልጽፈው እወድ ነበር፤ የአጎቴ ልጅ ግን «ጻፈው» ብሎኛል።

የኋላውን ግራ ጎማ ለማውጣት ነው። ግቢው ትንሽ ወደ ታች ያዘነብላል። የእጅ ፍሬኑን አጥብቄ ሳብኩ፤ ማርሽ አወጣሁ፤ ክሪኩን አስገባሁ። የአጎቴ ልጅ ማንሳት ጀመረ። ጎማው መሬት እንደለቀቀ መኪናዋ ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ወደ ኋላ ሄደች። ክሪኩ ተጋደመ። ልጁ ዘሎ ወጣ። ላንድሮቨሯ ሦስት ሜትር ያህል ተጉዛ የእትዬን ጌሾ ላይ አረፈች።

የሠርጉ ጠላ የሚጠመቅበት ጌሾ ነበር።

የማስተምረው ሰው ይህን ማወቅ ነበረብኝ። አውቀው ነበር፤ ግን እጄ የዘመኑን መኪና ለምዷል። የላንድሮቨር የእጅ ፍሬን የኋላ ጎማዎች ላይ አይደለም የሚይዘው። ከማርሽ ሳጥኑ ኋላ አንዲት ታምቡር አለች፤ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው የምትይዘው። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች መሬት ሲነኩ በደንብ ይሠራል። አንዱን ስታነሳው ግን ዘንጉ እንደተያዘ ቢሆንም ዲፈረንሻሉ (ግራና ቀኙን ጎማ ለየብቻ እንዲዞሩ የሚያደርገው) የተነሳው ጎማ በተቃራኒው እንዲዞር ይፈቅድለታል፤ መሬት ላይ ያለውም ይንከባለላል። የእጅ ፍሬን የለህም ማለት ነው። ከኋላ ጎማ ዘንጎች አንዱ ሲሰበርም እንደዚያው፤ እነዚያ ዘንጎች ደግሞ በዚህ ሞዴል በመሰበር ይታወቃሉ።

መፍትሔው ድንጋይ ነው። ወይም ሽብልቅ። ከጎማ ፊትና ኋላ፣ ሁልጊዜ።

እትዬ ከቤት ወጥተው ጌሾውን አዩ። እኔን አዩኝ። «ቆማ ይኸን ያደረገች፣ ስትሄድማ!» ብለው ገቡ። ከሁላችንም ምርመራ የሳቸው አጭር ነበር።

ጎማ

ጎማዎቹ ጥርስ ነበራቸው። አጎቴ በጥርሱ ይኮሩ ነበር፤ «ገና አልነኳቸውም።» እኔ ግን የማየው ጎኑን ነው። የጎማ ጎን ላይ በትንሽ ክብ ቅርጽ ውስጥ የተሠራበት ጊዜ ይታተማል። አራት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። አሃዙ ሦስት ብቻ ከሆነ ጎማው የተሠራው ከ2000 በፊት ነው።

አራቱ ባለ አራት አሃዝ ነበሩ፤ ግን አሮጌ። ስኮርታው (ተጠባባቂው ጎማ) ባለ ሦስት። ያ ጎማ ከአጎቴ ልጅ ይበልጣል። ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ጎኑ ግን እንደ ክረምት ማግሥት ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ጎማ ባይነዱትም ያረጃል። አምስቱንም ቀየርን፤ ወጪው አጎቴን ከፍሬኑም ከብየዳውም በላይ አማረራቸው። እርግጥ ያስመርራል።

ኮሶዬ ደርሶ መልስ

ጠግነን ስንጨርስ ሰው አልጫንንም። አምስት ኩንታል አሸዋ ጫንን። እኔና የአጎቴ ልጅ ብቻ ሆነን በጠዋት ወደ ኮሶዬ ወጣን፤ ከጎንደር በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱም የደባርቁ መንገድ ነው።

ሽቅቡ ላይ ሞተሯ ያቃስታል። አይገርምም። ጎንደር ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የሞተሩም ጉልበት በዚያው ይቀንሳል። ከኋላችን መኪና ተሰለፈ። ክላክስ ይጮኻል። ይህም ራሱ አደጋ ነው። ቀርፋፋ መኪና ሌሎችን ኩርባ ላይ እንዲቀድሙ ይፈታተናቸዋል። ሰፋ ባለ ቦታ ሁሉ ዳር ይዘን አሳለፍናቸው።

ሜዳው ላይ 60 ስንደርስ ምቹ ናት። 70 ስትገባ መሪው መንሳፈፍ ጀመረ። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ እጅህ ሥራ አይፈታም። ቴስቲናዎቹን (የመሪውን መገጣጠሚያዎች) አጥብቀናል፤ ከዚያ በላይ የዲዛይኑ ነው። ከ60 ወደ 80 ከፍ ስትል የምትሸከመው ጉልበት በ20 ኪሎ ሜትር አይደለም የሚጨምረው፤ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ታምቡሮቹ ግን ያው ናቸው። 60 ላይ ወሰንን።

ስንመለስ ቁልቁለቱን ሁለት ዓይነት አድርገን ወረድነው። የመጀመሪያውን ክፍል በሦስተኛ ማርሽ፣ በሞተር እየያዝን፣ ፍሬን ነካ ነካ ብቻ። ዳር ቆመን የውሃ ጠብታ ታምቡሩ ላይ ጣልን። ረጋ ብሎ ፈሰሰ። ሁለተኛውን፣ ባዶ መንገድ አይተን፣ አጭር ቦታ ላይ በአራተኛ ማርሽና በፍሬን ብቻ። ቆመን ውሃ ስንጥል ጭስስ አለ። ምጣድ ሲግል እንደሚለው። ፔዳሉም ቅድም ከነበረበት ዝቅ ብሎ ነበር የያዘው። ሽታውን የአጎቴ ልጅ ከሩቅ አወቀው።

ሒሳቡን ልንገራችሁ። መኪናዋ ባዶዋን 1,500 ኪሎ ገደማ ትሆናለች። ሰውና ዕቃ ሲጨመር 2,200 እንበል። እንዲህ ሆና 100 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ስትወርድ የሚለቀቀው ጉልበት ከስድስት ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። በየመቶ ሜትሩ! ወይ ሞተሩ ይሸከመዋል፣ ወይ ታምቡሮቹ። ነዳጅ ቆጥባለሁ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ሰው ሁሉንም ውሃ ታምቡሩ ላይ ነው የሚያፈላው።

የፊት መብራቷን ማታ ግቢ ውስጥ አብርተን አየን። ደብዛዛ ነው። በማታ መንዳት የሚለው ነገር እዚያው ተዘጋ።

አግዳሚው

አጎቴ እስከዚህ ድረስ ሁሉንም ተቀብለዋል። «እንግዲህ ተጠገነች አይደል? በቀን እንሄዳለን፤ በ60 እንሄዳለን።»

የቀረኝ የኋላው ወንበር ነበር። ዘጠኝ ሰው ጎን ለጎን፣ ፊቱን ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ጎረቤቱ አዙሮ፣ ያለ ቀበቶ። መኪናዋ በድንገት ስትቆም ሁሉም ወደ ፊት ይሄዳል፤ በትከሻ፣ በአንገት፣ እርስ በርስ እየተደራረበ። ብትገለበጥ ደግሞ የሚይዛቸው ያ አሉሚኒየም ጣሪያ ነው። «ቀበቶ እናስገባ» ያሉኝ አሉ። የት እናስረው? ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ የሰውን ክብደት ብዙ እጥፍ መቋቋም አለበት፤ የእኛዋ ጎን ብረት ድስት ነው። ሻንሲ ድረስ የሚወርድ ማጠናከሪያ ይፈልጋል። ለፊቶቹ ሁለት ወንበሮች ያንን ሠራን፤ ብረት አስበይደን። ለኋላዎቹ ግን ወደ ጎን ለተቀመጠ ሰው ቀበቶም ቢሆን የሚያደርገው ጥቂት ነው። ዲፌንደር ላይ ራሱ እነዚህን ተያይ ወንበሮች በ2007 አስቀርተዋቸዋል፤ የአውሮፓ ሕግ ስለመጣ ወደ ፊት በሚያዩ ተተኩ።

«እኛ እኮ ስንት ዘመን ሄደንባቸዋል» አሉ አጎቴ።

«ልክ ነዎት። ግን ያኔ የነዱት በጠጠር መንገድ፣ በ30 ነበር። አሁን አስፋልት ነው። ከፊት የሚመጣው ሲኖትራክ ነው።»

ብዙ ዝም አሉ። ሲናገሩም ወደ እኔ አልነበረም፤ ወደ እትዬ ነው። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ነው የምለው» አሉ እትዬ፤ ቀሪውን ሳይጨርሱት ተነሱ።

ቀኑ

ሃይሩፍ ተኮናተርን። ዘጠኙ በሱ ሄዱ። ላንድሮቨሯም ሄደች፤ አጎቴና እኔ፣ ሁለታችንም በቀበቶ። ከኋላ ሁለት በርሜል ጠላ (ጌሾው ከገበያ ተገዝቶ)፣ ሞሰብ፣ ብርድ ልብስ። ሁሉንም በገመድ ወለሉ ላይ ካሉት ቀለበቶች ጋር አሰርነው፤ ልቅ በርሜል በግጭት ጊዜ ከኋላህ የሚመጣ ሌላ መኪና ነው።

መሪው የሳቸው ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሻይ ጠጣን፤ ዳባት ላይ ታምቡሮቹን በእጄ ዳሰስኩ። 100 ኪሎ ሜትር ገደማውን ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው ጨረስነው። ሃይሩፉ ቀድሞን ሄዶ ሰዎቹ ምሳ በልተው ነበር።

ደባርቅ ላይ የሙሽራው ወንድሞች መኪናዋን ከበቧት። አንዱ አጎቴን «ጋሼ፣ ነገ ሊማሊሞን በሷ ያውርዱን» አላቸው። ጣሊያን የቆረጠው ያ ጥምዝምዝ መንገድ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል።

«ጫፉ ላይ ሆነህ በእግርህ ቆመህ እየው፤ ያምራል» አሉት።

ከዚያ ከወንበሩ ኋላ ጎንበስ ብለው ሁለት የእንጨት ሽብልቆች አወጡ። ባሕር ዛፍ ናቸው፤ በገጀራ የተጠረቡ። መቼ እንደጠረቧቸው አላየሁም። አንዱን ከኋላ ጎማው ፊት፣ አንዱን ከኋላው በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አድርገው አስገቡና አቧራቸውን አራገፉ።

«የእትዬህ ጌሾ ዋጋ ነው» አሉኝ።